በ60 ዓመቴ ኮንትራት ልፈርም ወይስ የሞተር ጥገና ቤት ልክፈት?

ኤሌክትሪሺያኑ ከባሕር ዳር
እንደምን ሰነበታችሁ። በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። በመጪው ጥር 60 ዓመት ሞልቶኝ ጡረታ እወጣለሁ፤ 34 ዓመት አገልግያለሁ። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ሲታሰብ አበሌ ከአማካይ ደመወዜ 60 በመቶ ይሆናል። ሁለት ልጆቼ ገና ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ አይበቃንም።

ፋብሪካው ለሁለት ዓመት በኮንትራት እንድቆይ ጠይቆኛል። ልቤ ያለው ግን ወረታ ነው። ወረታ ያለችበት ፎገራ የሩዝ አገር ነው፣ በሞተር የሚሠራ የሩዝ መፈልፈያ ብዙ ነው። ከሦስቱ ፌዝ (ለሞተሩ ኃይል ከሚያደርሱት የኤሌክትሪክ መስመሮች) አንዱ ሲጎድል ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ ለመዞር ሲታገል ይግላል፣ ይቃጠላል። ባለቤቱ ጭኖ እስከ ባሕር ዳር ያመጣዋል፤ ገበሬው ጆንያውን ደርድሮ ይጠብቃል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። የተቃጠለውን ጥቅል አውጥቼ፣ ዙሩን ቆጥሬ፣ በአዲስ መዳብ መጠቅለል የኖርኩበት ሙያ ነው። ዛሬ ዓይኔ ቀጭን ሽቦ ይለያል፣ እጄም አይንቀጠቀጥም። ከሁለት ዓመት በኋላስ? ባለቤቴ ደግሞ «በእጅ ያለ ደመወዝ አይለቀቅም» ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጡረተኛዋ መምህርት
ወንድሜ፣ ባለቤትዎን ይስሟት። ምንም ቢወስኑ ደግሞ ቤትዎን ለብድር አያስይዙ። አብራኝ ጡረታ የወጣች ባልደረባዬ ቤቷን አስይዛ ሱቅ ከፈተች፤ ዛሬ ልጇ ዘንድ ተጠግታ ትኖራለች። በ30 ዓመቱ የከሰረ ሰው እንደገና ይነሣል፤ በእኛ ዕድሜ ግን መልሶ መነሻ ጊዜ የለም።

ባለ መፈልፈያ፣ ወረታ
ጋሼ፣ ይምጡልን! አዝመራው ተሰብስቦ መፈልፈያ ሲጨናነቅ ሞተር ከተቃጠለብን የምንይዘው የምንጨብጠው ይጠፋናል። ክረምት ላይ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል፤ የእነዚያን ወራት ኪራይ ከወዲሁ ያስቡበት። ጠቅልለው ሲያስረክቡን የፌዝ መጉደል መከላከያም ይግጠሙልን። ሞተር በየወሩ የሚቃጠልበት ሰው ጠጋኙን ነው የሚጠረጥረው።

የሒሳብ ባለሙያ
የራስዎን ሥራ መሥራት የጡረታ አበልዎን አያቋርጥም፤ ይህ አያሳስብዎት። የሚያሳስበው መዳቡ ነው። ሽቦው ከውጭ ይገባል፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጠሩትን ዋጋ ነገ ላያገኙት ይችላሉ። ሥራ ሲቀበሉ የሽቦውን ዋጋ በቅድሚያ ይውሰዱ፤ የተቃጠለው መዳብ ለማን እንደሚቀርም አስቀድመው ይስማሙ፤ እሱም ይሸጣል።

ኮንትራቱን በተመለከተ ሦስተኛ መንገድ አለ። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡና ለፋብሪካው በደረሰኝ ይሥሩለት። አሠሪዎ የነበረው ደንበኛዎ ይሁን። 34 ዓመት የሚያውቁትን ማሽን ማን ከእርስዎ የተሻለ ይጠግነዋል? ክረምቱን የሚያሻግርዎትም ይኸው ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ከባሕር ዳር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤቱ አይያዝም፤ በዚህ እኔና ባለቤቴ ተስማምተናል። ምክራችሁን ማታ አነበብኩላት፤ በደረሰኝ መሥራት የሚለው ላይ ስደርስ «ይህስ ይሁን» አለች። ሰኞ ኃላፊዬን አነጋግራለሁ።

ወረታ ያለኸው ወንድሜ፣ ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያለው፣ መኪና ደጁ ድረስ የሚገባ የሚከራይ ቤት ካለ ጠቁመኝ። ቫርኒሽ ያጠጣሁትን ሞተር የማደርቅበት ጓሮም ያስፈልገኛል፤ ሽታው ከባድ ስለሆነ ከመኖሪያ ቤቶች ራቅ ቢል እመርጣለሁ።