ማስቲሽና ቲነር ለልጆች ስንሸጥ ዕድሜ እንጠይቅ ወይስ ምን እናድርግ?

ባለሱቁ (ፍኖተ ሰላም)

እንዴት ዋላችሁ። አንድ ነገር ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛልና ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው።

የጫማ ዕቃ ነው የምሸጠው። ሶል፣ ክር፣ የጫማ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ማስቲሽ። ጎን ለጎን ቲነርና የሚረጭ ቀለምም አለኝ። ጫማ ሰፊዎቹ ማስቲሹን በቆርቆሮ ይወስዱታል። ሊስትሮዎቹ ግን ለሙሉ ቆርቆሮ አቅም ስለሌላቸው በትንሽ ዕቃ ቀንሰን ነው የምንሰጣቸው። እኔ ብቻ ሳልሆን በሰፈሩ ያለ ሱቅ ሁሉ እንዲሁ ነው።

አሁን አሁን ግን የሚመጣው ልጅ ሁሉ ሊስትሮ አይደለም። ሳጥን የለው፣ ብሩሽ የለው፣ ጥፍሩ ሥር እንኳ የቀለም ምልክት አይታይም። ዋጋም አይከራከርም። ሊስትሮ «ጋሼ ትንሽ ጨምሩልኝ» ሳይል ንቅንቅ አይልም፣ እነዚህ ግን ብሩን አስቀምጠው ዕቃቸውን ይዘው ውልቅ ነው። ማታ ማታ መናኸሪያው አካባቢ ማስቲሽ ሲስቡ የሚታዩት እነሱው ናቸው አሉ።

ከ18 ዓመት በታች አልሸጥም ብዬ ልለጥፍ አሰብኩ። ግን ሊስትሮዎቹም እኮ ልጆች ናቸው። መታወቂያ አምጣ እንዳልለው ቀበሌ ከ18 በፊት አይሰጠውም። አባትም ቢሆን ራሱ አይመጣም፣ «ሂድና ማስቲሽ ገዝተህ ና» ብሎ ልጁን ነው የሚልከው። ጎረቤቴ ደግሞ «አንተ ብትተው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ እኔ ብተው ማዶ ይሻገራሉ» ይለኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የልጆች እናት (ቡሬ)

ወንድሜ፣ ነገሩ ስላሳሰበህ ብቻ ተባረክ። እኔ ግን ለጥፍ ባይ ነኝ። አልኮልና ሲጋራ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ለ20 ዓመት ጎረምሳ ቢራ አይሸጥም እየተባለ ለ13 ዓመት ልጅ ማስቲሽ ቀንሶ መስጠት ምን የሚሉት ነው?

እኔን የሚያናድደኝ ነገሩ «የጎዳና ልጆች ጉዳይ» ተደርጎ መታየቱ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ጫትና ስለ ሲጋራ ይነገራቸዋል። ስለ ማስቲሽ ትንፍሽ የሚል የለም። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች እስቲ አስቧቸው። እናት ለገበያ ስትመጣ ስንቅ አድርሳ ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ወዴት ገባህ፣ ከማን ጋር ዋልክ የሚላቸው ሰው የለም። ለነዚህ ልጆች ሱቅህ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው «ተው» እንዳላቸው ይቆጠራል።

ድሮ ሊስትሮ የነበርኩ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። በወረቀቱ ግን አልስማማም። እኔ ጫማ እየጠረግኩ ነው የተማርኩት። ያን ጊዜ «ከ18 በታች ክልክል ነው» ቢባል ኖሮ መጀመሪያ ጦሙን የሚያድረው እኔ ነበርኩ። የሚስበው ልጅ ግን ማስቲሹን አያጣም። ትልቅ ሰው ልኮ ያስገዛል፣ መናኸሪያ ላይ ለሻይ የምትሆን ብር ከሰጠኸው ሄዶ የሚገዛልህ መች ይጠፋል።

ጋሼ፣ መላው ቀላል ነው። ቀንሶ መሸጡን ይተዉት። ሊስትሮ ማስቲሹን ይዞ መዞር የለበትም። እኛ ጋ አንድ ጫማ ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ፣ ቆርቆሮው ከእሳቸው እጅ አይወጣም። ሶሉ የተገነጠለ ጫማ ሲመጣልን ወደ እሳቸው እንሮጣለን፣ እዚያው ቆመን እንቀባለን፣ ሒሳብ ከፍለን እንመለሳለን። እኛም ሥራችን አይቆምም፣ ለሚስቡት ጓደኞቻችንም የምንሰጠው ነገር የለንም። ይሄኛው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኪሱ ውስጥ ማስቲሽ ያለው ሊስትሮ ማታ ማታ ሲለመን፣ ሲለመን፣ እምቢ ካለም ሲደበደብ ያድራል።

ደግሞ እነዚህ ልጆች የሚስቡት ጠግበው አይደለም። ብርዱንና ረሃቡን ለመርሳት ነው። ሐምሌ ላይ በረንዳ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ «አልሸጥልህም» ብለው ሲመልሱት «ምሳ በልተሃል ወይ» ብለውም ይጠይቁት።

ነርስ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

ስለ ሕጉ እናንተ ተነጋገሩ፣ እኔ ሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ልንገራችሁ።

ብዙ ማስቲሽና ቲነር ውስጥ ቶሉዊን የሚባል ማሟሟያ አለ። ስብ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ስካሩ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይለቃል፣ ስለዚህ ልጁ ይደጋግመዋል። እየቆየ ሲሄድ አንጎልን ይጎዳል። አካሄዱ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ የተማረውን አይዝም። ኩላሊቱም ፖታሺየም ማባከን ስለሚጀምር አንዳንዱ ጡንቻው ዝሎ መነሣት ያቅተዋል። ሄክሴን ያለበት ማስቲሽ ደግሞ የእጅና የእግር ነርቭ ያደነዝዛል። እሱ ለሚስቡት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሰንደል ጫማ በማጣበቅ የሚተዳደሩ ሠራተኞች በዚሁ ታመው እግራቸው ዝሏል። በክረምት ዝናቡን ሸሽታችሁ በር ዘግታችሁ የምትሠሩ ጫማ ሰፊዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ በሩን ክፈቱት።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ይህ ትነት ልብን ያስቆጣል። አድሬናሊን የሚባለው ሰውነታችን በድንጋጤና በሩጫ ጊዜ የሚረጨው ነገር ሲጨመርበት የልብ ምት ተዛብቶ ልጁ እዚያው ሊቀር ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበም ቢሆን። ስለዚህ ሲስብ ስታዩት አትጩኹበት። ዱላ ይዛችሁ አታባሩት። እኛ አገር የተለመደው ማባረር ነው፣ እሱ ነው ልጁን የሚገድለው። ረጋ ብላችሁ ቅረቡት፣ ዕቃውን ከእጁ ውሰዱ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥታችሁ አስቀምጡት። አጠገቡ ክብሪትም ሲጋራም አትለኩሱ። ራሱን ስቶ ከሆነና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙትና ፈጥናችሁ ሕክምና አድርሱት፤ ምን እንደሳበ ለሐኪሙ ንገሩ።

ወላጆች ደግሞ የልጃችሁን ልብስ አሽትቱ። በአፉና በአፍንጫው ዙሪያ የማይለቅ ሽፍታ፣ እጅጌው ላይ የደረቀ ማስቲሽ፣ ራስ ምታት፣ ምግብ መጥላት፣ እነዚህን ካያችሁ ከመቆጣት በፊት ጠይቁት።

የደጀን ልጅ (ከእንግሊዝ)

እኔ ያለሁበት አገር ይህን ጉዳይ በሕግ ይዘውታል። የላይተር ጋዝ መሙያ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥ ክልክል ነው። እሱ ላይ ቁርጥ ያለ ዕድሜ አስቀመጡ፣ ምክንያቱም ጋዙ ብዙ ልጅ ፈጅቶባቸዋል።

ማስቲሹን ግን በሌላ መንገድ ነው የያዙት። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ዕቃውን ራሱን አልከለከለም። ሻጩ፣ ገዢው ከ18 በታች መሆኑንና ሊስበው መሆኑን እያወቀ፣ ወይም እንዲጠረጥር የሚያደርግ በቂ ምክንያት እያለው ከሸጠ ነው የሚጠየቀው። ያ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 በሌላ ተተክቷል፣ ግን ላንተ ጥያቄ የሚሆን ነገር አለው ብዬ ነው ያነሣሁት። መታወቂያ ላይ ሳይሆን ሻጩ በሚያየው ነገር ላይ ነው የቆመው። አንተ ደግሞ አይተሃል። ሳጥን የላቸውም፣ ዋጋ አይከራከሩም ብለህ ራስህ ጽፈሃል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? ለነዚያ አትሽጥ፣ አለቀ። ሊስትሮውን የት ሰፈር እንደሚሠራ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቀዋለህ። እዚህ ትልልቅ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ የምትቀበለው ልጅ ገዢውን አታውቀውም፣ ለዚህ ነው መታወቂያ የሚያስፈልጋት።

አውስትራሊያ ደግሞ ቤንዚን የሚስቡ ልጆች የበዙባቸው ሩቅ የገጠር አካባቢዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኦፓል የሚባል፣ የሚያሰክሩት ነገሮች የተቀነሱለት ቤንዚን አመጡ። እሱ በተሸጠባቸው ቦታዎች መሳቡ በጣም ቀነሰ። ማደያው ላይ ዕድሜ መጠየቅ ሳያስፈልግ ማለት ነው። እኛ ፋብሪካ ማዘዝ አንችልም፣ ነገር ግን ተማሪ ለካርቶን ሥራ ብሎ ሲመጣ ማስቲሹን ትተህ ነጩን ኮላ ልትሰጠው ትችላለህ። ወረቀት ለማጣበቅ ከበቂ በላይ ነው፣ አያሰክርም።

የልጆች እናት (ቡሬ)

የሊስትሮዎቹን ነገር ተቀብያለሁ፣ ልጆቹ ከሥራ ይውጡ ማለቴ አልነበረም። ግን «ሻጩ ያውቃል» የሚለው ለደግ ሻጭ ነው የሚሠራው። የዚህ ሰውዬ ጎረቤት እኮ እያወቀ ነው የሚሸጠው። ለእሱ ሕግ ያስፈልገዋል።

የደጀን ልጅ (ከእንግሊዝ)

እውነትሽን ነው እህቴ። ለእሱ የሚጠይቀው አካል መኖር አለበት። ሕጉ እስኪመጣ ግን ባለሱቆቹ እርስ በርስ ቢነጋገሩ ይሻላል። ፍኖተ ሰላም ማስቲሽ የሚሸጠው ሰው ስንት ቢሆን ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል።

ባለሱቁ (ፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ቀንሼ አልሸጥም። ለሊስትሮዎቹ አንድ ቆርቆሮ በር ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጫማውን ይዘው መጥተው እዚያው ይቀባሉ። ቲነሩንና የሚረጨውን ቀለም ከባንኮኒው ኋላ አስገብቻለሁ፣ ልጅ ተልኮ ከመጣ ወላጁ ጋ ደውዬ ነው የምሰጠው።

ጎረቤቴን ቡና ጠርቼ አናገርኩት። መጀመሪያ አኮረፈ። ሲስተር የጻፈችውን የልቡን ነገር ሳነብለት ግን ዝም ብሎ ሰማኝና «የኔም ልጅ እኮ እዚያው ሰፈር ነው የሚውለው» አለ። እሱም ቀንሶ መሸጡን ሊተው ነው። ማዶ ያሉትን አብረን እናናግራለን።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ትረዳኛለች። ቆርቆሮው ተከፍቶ ሲውል እሷን አይጎዳትም?

ነርስ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

ከፍቶ ማዋል የለም ወንድሜ። አንዱ ቀብቶ ሲጨርስ ክዳኑን ግጠሙት፣ ሌላው ሲመጣ ይከፈታል። ቆርቆሮው ከደጅ ይሁን፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ግን ጥላ ሥር፣ ምድጃና ከሰል ካለበትም ይራቅ። የሚቆጣጠረው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ልጅቱ ውስጥ ሆና ክርና ቀለሙን ትሽጥ። ራሷን ካመማት ወይም ካዞራት ወደ ውጭ ትውጣ፣ ከተደጋገመባት ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ማታ ሱቅ ስትዘጉ ቆርቆሮውን አስገብታችሁ ቆልፉበት።