ፕሮቶን የተመታው ዲዮድ ሌኬጁ (የሚያፈሰው ከረንት) ከስሌቱ አነሰብኝ

ሰላም፣ አንድ ነገር አልፈታ ብሎኛል። 300 ማይክሮሜትር ውፍረት፣ 0.25 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የሲሊከን ዲዮድ ነው። በሳይክሎትሮን በ27 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ፕሮቶን እስከ 5×10¹⁴ የኒውትሮን አቻ (ጉዳቱ በ1 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ኒውትሮን ብዛት ሲተመን) በካሬ ሴንቲሜትር ተመትቶ፣ በ60 ዲግሪ ለ80 ደቂቃ ሞቋል። አልፋን (የጨረር ጉዳቱን ወደ ሌኬጅ የሚቀይረውን ቁጥር) 4×10⁻¹⁷ አምፔር በሴንቲሜትር አድርጌ ሳሰላ በ20 ዲግሪ 150 ማይክሮአምፔር፣ በ-20 ደግሞ 2.5 ይመጣል። የሚነበበው ግን በ600 ቮልት 1.6 ብቻ!

ሙቀት ነው እንዳልል ዲዮዱ ወደ 4 ዲግሪ ተጨማሪ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ ቴርሞሜትሩ እኮ እዚያው ጎኑ ተለጥፏል። ከረንቱ እስከ 600 ቮልት ድረስ መውጣቱን ስላላቆመ፣ ዲዮዱ ሙሉ በሙሉ አልተራቆተም (የኤሌክትሪክ መስኩ መላ ውፍረቱን አልሸፈነም) ብዬ እጠረጥራለሁ። ሌላው ጥርጣሬዬ የፕሮቶኑ መጠን የተለካበት የኒኬል ፎይል ነው፦ ዲዮዱ 5 በ5 ሚሊሜትር፣ ፎይሉ 10 በ10፤ ጨረሩ ወደ አንድ ጎን ካደላ አማካዩ ያሳስታል።

ጋርድ ሪንጉን (የጠርዙን ከረንት የሚይዘውን የዲዮዱን ዙሪያ ቀለበት) መሬት አስይዤ 900 ቮልት ልሞክር? ወይስ ፎይሉን አራት ቦታ ቆርጬ ፕሮቶኑ ፎይሉ ውስጥ የፈጠረውን ራዲዮአክቲቭ ኒኬል 57 ጋማ ለየብቻ ልቁጠር? ግማሽ ዕድሜው 36 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ብዙ መጠበቅ አልችልም።