በ15ኛው ሳምንት እርግዝና ኦቫሪ ላይ የታየ ዕጢ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ15 ሳምንት ነፍሰ ጡር የሆነችው ታናሽ እህቴ ለመደበኛ ክትትል አልትራሳውንድ ስትነሣ፣ በቀኝ ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማምረቻዋ) ላይ ከፊሉ ፈሳሽ ከፊሉ ጠጣር የሆነ 9 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ታየ፤ ሲኤ-125 የተባለው የደም ምርመራም ከፍ ብሏል። ከዘመድ አንዱ «ፅንሱ ይውረድና ትታከም» ሲል ሌላው «እስክትወልድ አይነካ» ይላል። ካንሰር ቢሆን ሁለቱንም ማትረፍ ይቻላል?

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦ ሲኤ-125 በጤናማ እርግዝናም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ከፍ ስለሚል በእርሱ ብቻ አትደንግጡ። ኤልዲኤች የተባለውን ሌላ የደም ምርመራ ግን እርግዝና ብዙም ስለማይለውጠው፣ በወጣት ሴቶች ላይ የሚከሰተውን ዲስጀርሚኖማ የተባለ ካንሰር ለመጠርጠር ይጠቅማል። በእርግዝና ወቅት የሚገኙ የኦቫሪ ዕጢዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ ሆኖም ጠጣር ክፍል ያለውን ይህን ያህል ትልቅ ዕጢ እስከ ወሊድ ማቆየት አይመከርም፤ ካንሰር ባይሆን እንኳ ሊጠማዘዝ ይችላል። ጋዶሊኒየም የተባለው ምስል ማጉያ መድኃኒት ሳይሰጣት ኤምአርአይ ትነሣ፤ ዕጢው ግን በመርፌ አይቀዳ፣ ካንሰር ከሆነ ሊሠራጭ ይችላልና። ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሠራል፤ በዚያን ጊዜ እርግዝናውን የሚደግፈውን ሆርሞን የእንግዴ ልጁ ስለሚያመነጭ አንዱ ኦቫሪ ቢወጣም ፅንሱ አይጎዳም። «ይውረድ» የሚለው ምክር አሁን ካለው ውጤት ተነሥቶ የሚሰጥ አይደለም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶክተር። ኬሞቴራፒ ካስፈለገስ?

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦ የፅንሱ አካላት ዋና አፈጣጠር ካበቃ በኋላ፣ ማለትም ከ14ኛው ሳምንት ወዲህ፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል የተባሉት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ሊሰጡ ይችላሉ፤ የመድኃኒቱ ዓይነት ግን በካንሰሩ ዓይነት ይወሰናል። የእናቲቱና የልጁ የደም ሴሎች ከወሊድ በፊት እንዲያገግሙ የመጨረሻው መድኃኒት ከወሊዱ 3 ሳምንት ያህል ቀድሞ ይቆማል። ሕክምናው ከወሊድ በኋላ የሚቀጥል ከሆነ ጡት አታጥባም።

ታክማ የዳነች እናት፦ ወንድሜ፣ የእኔም ዲስጀርሚኖማ ነበር። ዕጢው ከአንዱ ኦቫሪ ስላላለፈ ቀዶ ሕክምናው ብቻ በቃኝ፤ ከዚያም በምጥ ወለድኩ። ሐኪሞቹ ስለማይዘነጉት ነገር አልናገርም፤ አንድ ነገር ግን እናንተ ተከታተሉ። የዕጢው ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል (ፓቶሎጂ) ሲላክ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ነፍሰ ጡር መሆኗና ስንተኛ ሳምንቷ እንደሆነ መጻፉን አረጋግጡ፤ የእኔ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ ናሙናው ያለበት መስታወት (ስላይዱ) ሁለተኛ ጊዜ መነበብ ነበረበት።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦ ትክክል ነሽ፣ እህቴ፤ እርግዝና ራሱ በኦቫሪ ሴሎች ላይ የሚያመጣው ለውጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካንሰር ሊመስል ይችላል።