የቱርክ ቀይ ወይን ጠጅ ምሽት፦ ዕቅዱን አብረን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ለማኅበራችን ሥራ አመራር የምናቀርበው ሐሳብ መነሻ ይኸው። እዚሁ ፍራንክፈርት፣ 28 ሰው፣ የቱርክ አገር በቀል ወይን ከፈረንሳይ ዝርያዎች ጋር የተቀላቀለበት ቀይ ወይን ጠጅ። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለሰው 50 ብንቀዳ 15 ሰው ያዳርሳል። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ይበቃል። 4 ዓይነት አስቤአለሁ፣ ሁሉም ቅልቅል። ምን ይስተካከል?

ኢስታንቡል የኖረችው አባል፦ ከቅልቅሉ በፊት አገር በቀሎቹን ለየብቻ እንቅመስ። አለዚያ ኮረሪማን ሳያውቁ በርበሬ እንደ መቅመስ ነው። አንደኛው ወይን ኦኩዝጎዙ ነው፤ ትርጉሙ «የበሬ ዓይን»፣ ፍሬው ትልልቅና ጥቁር ስለሆነ። አገሩ ምሥራቅ ቱርክ፣ ኤላዚ ነው። ቼሪ ቼሪ ይላል፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። ቦአዝከሬ ደግሞ የዲያርባኪር ነው፤ ስሙ ራሱ ጉሮሮ የሚቧጥጥ እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የቀመስኩት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። አንዴ ስጎነጭ ድዴ ደረቀ፣ ብዙ የፈላ ሻይ የጠጣሁ ያህል ምላሴ ተኮማተረ። ልመልሰው ነበር። ከዚያ ጮማ ያለው የበግ ጥብስ መጣ። አንድ ጎርሼ ደግሜ ስጎነጭ ያ ሁሉ ድርቀት ለሰለሰ። ይህን ያልቀመሰ ሰው ለስላሳው የፈረንሳይ ወይን ሜርሎ ለምን እንደተጨመረበት እንዴት ይገባዋል?

ገንዘብ ያዥ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን 2 ዓይነት ሲጨመር 4 ጠርሙስ ነው። በጀቱ አይችልም።

ኢስታንቡል የኖረችው አባል፦ እንግዲያው ጋሼ፣ ከቅልቅሎቹ ሁለቱ ይውጡ። ዶሉጃ የተባለው የቱርክ ወይን ጠጅ ጠማቂ «ካርማ» የሚለው አለ፤ ቃሉ በቱርክኛ ቅልቅል ማለት ነው። አንዱ ሌላው የፈረንሳይ ወይን ካበርኔ ሶቪኞን ከኦኩዝጎዙ፣ ሌላው ሜርሎ ከቦአዝከሬ። ሁለት ለየብቻ፣ ሁለት ቅልቅል። ያው 4 ነው።

ምግብ ቤት ያለው አባል፦ እስማማለሁ። ግን መግለጫው ላይ «የፈረንሳዩ አሻሻለው» እንዳይባል አደራ። ሁለቱን አገር በቀሎች እርስ በርስ ማቀላቀል የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው ቡዝባ የሚባለው የቱርክ ወይን ጠጅ የእነሱ ቅልቅል ነው። ኦኩዝጎዙ ፍሬውንና ኮምጣጣነቱን ያመጣል፣ ቦአዝከሬ ጉልበቱን። ካበርኔ ሲመጣ የቦአዝከሬን ሥራ ይሠራል። ሜርሎ ደግሞ የኦኩዝጎዙን፣ ያለሰልሳል። እንግዶቹ የገቡት ቀድሞ በነበረ ቦታ ነው።

ጸሐፊ፦ ይሄ ነገሬን ቀየረው። ታዲያ ሰው ሁሉ ከሁለቱ አገር በቀሎች ትንሽ ትንሽ አስቀርቶ እዚያው ብርጭቆው ውስጥ ቢያቀላቅልስ? አምስተኛ ቅምሻ ሆነ፣ ያለ ወጪ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሰይ! 8 ጠርሙስ ብዬ እይዛለሁ። ደግሞ ኤፍራጥስና ጤግሮስ ብለን ከመጽሐፍ የምናውቃቸው ወንዞች በእነ ኤላዚና ዲያርባኪር በኩል ነው የሚያልፉት። መግለጫው ላይ ይግባልኝ።

ጸሐፊ፦ ይገባል ጋሼ። የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል፦ «ቅዳሜ ማታ፣ ጾም ባልሆነበት ሳምንት። መጀመሪያ ኦኩዝጎዙ፣ ቀጥሎ ቦአዝከሬ፣ ከዚያ የራሳችን ቅልቅል፣ በመጨረሻ ሁለቱ ካርማ። ወይን ጠጁ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ይቀዳል።» ምግቡ ብቻ ቀረ።

ምግብ ቤት ያለው አባል፦ የበግ ጥብሱን ለእኔ ተዉት፣ ብርጭቆም አመጣለሁ። ሚጥሚጣው ግን ለብቻው በሳህን ይቅረብ። ከቦአዝከሬ ጋር ሲገናኝ አፍ ያነዳል።