ባለሀብት የሚመጣው ግብር ስለተቀነሰለት ነው ወይስ በሌላ?

ማለዳ፦
ሰላም ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መንግሥታት «ኢንቨስተር እንሳባለን» ሲሉ ወሬው ሁሌም አንድ ነው፤ የግብር እፎይታ፣ በነፃ የሚሰጥ መሬት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከዚያ ትልቅ ኮንፈረንስ። ይህን ሁሉ አድርገው ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው አገሮች አሉ፤ ብዙም ሳይሰጡ ኩባንያ የሚሰለፍላቸውም አሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሥልጣኑ ቢሰጣችሁ መጀመሪያ የምትነኩት የቱን ነው? «ምቹ ሁኔታ መፍጠር» የሚለውን ተዉልኝና በተግባር የሚሆነውን ንገሩኝ።

ሒሳብ አዋቂው፦
ከግብሩ ልጀምር፣ ሥራዬ ስለሆነ። የግብር እፎይታ ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። አንድ ፋብሪካ ለ5 ዓመት ከትርፍ ግብር ነፃ ተባለ እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ማሽን ሲተከል፣ ሠራተኛ ሲሠለጥን፣ ገበያ ሲፈለግ ያልፋሉ። ትርፍ የለም። ካልተረፈ ምኑ ነው የሚቀርለት? ማትረፍ ሲጀምር ደግሞ እፎይታው ሊያልቅ ነው። በደንብ የሚጠቀመው ቶሎ አትርፎ ቶሎ የሚወጣው ነው፣ እሱ ደግሞ ለአገር ብዙ የማይተው ዓይነት ነው። ነባሩ ነጋዴ ግብሩን እየከፈለ አጠገቡ ነፃ የተባለ ተወዳዳሪ ይከፈትበታል። አንዳንዱ ደግሞ ነቄ ነው፣ የራሱን ገንዘብ ውጭ አዙሮ «የውጭ ባለሀብት» ሆኖ ይመለሳል።

ኢስቶኒያ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። ከ2000 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኩባንያው ትርፉን ሥራው ውስጥ እስካቆየው ድረስ የትርፍ ግብር አይከፍልም። የሚከፍለው ለባለአክሲዮኖች ሲያከፋፍል ነው። ለመጣውም ለነበረውም እኩል ነው፣ ደጅ መጥናትም የለም።

አንድ ሰው የማያወራለት ነገር ልጨምር፤ የቫት ተመላሽ። ላኪ ለገዛው ጥሬ ዕቃ ቫት ይከፍላል፣ ዕቃው ወደ ውጭ ሲላክ ይመለስልሃል ይባላል። ወራት ካለፈ ግን በተግባር ያለወለድ ለመንግሥት ያበደረው ገንዘብ ነው። እሱ እስኪመለስ ከባንክ በወለድ ይበደራል። ይህንን በጊዜው መክፈል ከስንት እፎይታ ይበልጣል።

ትራንዚተሩ፦
ትክክል፣ ግን ከግብር በፊት ጊዜ አለ። ዕቃ በማስወጣት ነው የምተዳደረውና የማየውን ልንገራችሁ። የፋብሪካ መለዋወጫ ይመጣል፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ካርቶን። አንዱ ኦፊሰር «የማሽን አካል ነው» ይላል፣ ሌላው «የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው» ይላል፣ ታሪፉም እንደዚያው ይለያያል። ክርክሩ እስኪያልቅ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ደመወዝ ይበላል፣ መጨረሻ ላይ መርከቡ ያመልጥና ምርቱ በአውሮፕላን ይላካል። በአውሮፕላን ሲላክ ትርፉ አብሮ በረረ።

የሚገርመው መፍትሔው ርካሽ ነው። አስመጪው ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ታሪፉን በጽሑፍ አስወስኖ ይይዛል፣ ኦፊሰሩም በዚያ ይገደዳል። የዓለም ንግድ ድርጅት ንግድን የማቀላጠፍ ስምምነት፣ ከ2017 ጀምሮ የጸናው፣ ይህንኑ ይጠይቃል። ሁሉንም ኮንቴነር መፈተሽ ትቶ የሚያጠራጥረውን መርጦ መፈተሽም አለበት። ሁሉም ከተፈተሸማ ጉቦ የሚበላበት ሰልፍ ነው የምትሠራው።

ኮስታራው፦
ይቅርታ፣ ግብርን እንዲህ አታቃሉት። አየርላንድን እዩ። ከ2003 ጀምሮ 12.5 ከመቶ አድርጋ የአሜሪካን የቴክኖሎጂና የመድኃኒት ኩባንያ ሁሉ ሰብስባለች። ይሄ እንዴት ይካዳል?

ሒሳብ አዋቂው፦
አልካድኩም። ግን ግብሩ ብቻውን አይደለም ያመጣቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በነፃ ያደረጉት በ1960ዎቹ ነው፣ የአውሮፓ ገበያ ውስጥ የገቡት በ1973 ነው፣ ኢንቨስትመንት የሚያመጣው መሥሪያ ቤታቸው ከ1949 ጀምሮ አለ። ከቁጥሩ በላይ ደግሞ የጸናው ነገር አለ። በ2010 ኪሳራ ላይ ወድቀው የብድር እርዳታ ሲጠይቁ ትልልቆቹ የአውሮፓ አገሮች «ግብራችሁን ከፍ አድርጉ» ብለው ወጥረው ያዟቸው፤ እነሱ ግን ንክች አላደረጉትም። ኩባንያዎቹ ያንን አዩ። አሁን ደግሞ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ለሆኑት ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ ግብር 15 ከመቶ ነው፣ አየርላንድም ከ2024 ጀምሮ ተቀብላዋለች። ስለዚህ ትልልቆቹን በዝቅተኛ ግብር ብቻ የማማለሉ ጨዋታ እየጠበበ ነው።

ትዝብት፦
ስለ ጉቦ ከተነሳ ጆርጂያ፣ የቀድሞዋ የሶቪየት አገር። በ2004 የትራፊክ ፖሊሱን ጠቅላላ በትነው በደህና ደመወዝ አዲስ ቀጠሩ። የግብር ዓይነቶችን ከ21 ወደ 6 አወረዱ። ይሄ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ያኔ የነበረው አገዛዝ በሌላ በሌላው ቢታማም።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ መንግሥታት የዓለም ባንክ ለንግድ ሥራ ምቹ የሆኑ አገሮችን በሚያወዳድርበት ሪፖርት ላይ ደረጃቸውን ለማሻሻል ብቻ ነበር የሚሮጡት። መለኪያው ስንት ቀን፣ ስንት ፎርም ብሎ ይቆጥር ነበር፤ እነሱ የተቆጠረውን ፎርም አንስተው ያልተቆጠረውን ይተዉት ነበር። በመጨረሻ መረጃው ውስጥ እጅ እንደገባ ተረጋገጠና ባንኩ ራሱ በ2021 ሪፖርቱን አቋረጠው።

ማለዳ፦
አሪፍ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ደሃ አገር ምን ያድርግ? ትምህርቱ እስኪስፋፋ፣ መብራቱ እስኪዳረስ 20 ዓመት ይጠብቅ?

ትራንዚተሩ፦
አይጠብቅም። ገንዘብ የማይጠይቁትን ያስቀድም። መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁን አሳይቶ አስተያየት መስማት። ወደኋላ የሚሠራ ግብር አለመጣል። ትርፍ በሕጉ መሠረት ይወጣል ከተባለ ማስወጣት፤ ምንዛሪ የለም ተብሎ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ከታሰረበት፣ የታሰረበት ሰው ለጓደኛው ምን እንደሚለው አስቡት። መብራቱንም ቢሆን አገሩን ሙሉ ማዳረስ ባይቻል የፋብሪካው መስመር የሚቋረጥበትን ሰዓት አስቀድሞ መናገር ይቻላል።

ትዝብት፦
ኮስታሪካንም ተመልከቱ። በ1996 የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ የአሜሪካ ኩባንያ ኢንቴል ሲመርጣት ትንሽ አገር ነበረች። ሠራዊቷን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አፍርሳ ትምህርት ላይ ቆይታለች፣ ኢንቴል ሲመጣ ደግሞ ለፋብሪካው የሚሆን ቴክኒሻን ለማሠልጠን ሥርዓተ ትምህርቷን አስተካከለች። በ2014 ኢንቴል የመገጣጠሚያውን ሥራ ወደ እስያ ወሰደና 1,500 ያህል ሰው ሥራ አጣ። አገሪቱ ግን አልወደቀችም፤ የሠለጠነው ሰው እዚያው ነበር፣ ዛሬ ቀዳሚ የወጪ ንግዷ የሕክምና መሣሪያ ነው።

ኮስታራው፦
እሺ፣ በዚህኛው ተረታሁ። ግን ኢንቴልም የግብር ነፃነት ተሰጥቶት እንደነበር አትርሱ 😄