ትንበያው 4 ዲግሪ ይላል፣ ድንቼን ግን ውርጭ መታው

ባለ ድንቹ፦ ወገኖች እርዱኝ። ደብረ ብርሃን በሬሳ ወንዝ ዳር በመስኖ ድንች ተክያለሁ፣ ከበቀለ ገና 3 ሳምንቱ ነው። ትናንት ማታ በሬዲዮ የሌሊቱ ቅዝቃዜ 4 ዲግሪ ነው ሲሉ ሰምቼ ለሽ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ቅጠሉ ስኳር የነሰነሱበት ይመስላል። ፀሐይ ሲነካው ደግሞ በዝቅታው በኩል ያለው እንደተቀቀለ ጎመን ጥውልግ ብሎ ጠቆረ። አሁን የሚቀጥሉት 10 ቀናት ትንበያ በደጋማ ቦታዎች የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ይጠናከራል ይላል። 4 ዲግሪ እንዴት ውርጭ ይሆናል? የተመታውን ልንቀለው? የቀረውንስ በምን ላትርፈው?

የደጋው፦ ወንድሜ፣ ትንበያው አልዋሸህም። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው በሰው ደረት ቁመት ገደማ፣ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው። ያንተ ድንች ያለው መሬት ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፣ መልሶ የሚያለብሰው ደመና የለም፣ ነፋስም ከሌለ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ወርዶ አይቀላቀልም፣ ስለዚህ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ከሳጥኑ ብዙ ዲግሪ ወርዶ ታገኘዋለህ። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው። እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ወንዝ ዳር ይተኛል። የታችኛው በኩል የተመታብህ ለዚህ ነው። ቁጥሩን ብቻ አትመን፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ውጣና እይ። ኮከቡ ፍጥጥ ካለና ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ ከሌለ፣ 5 ዲግሪ ነው ቢሉህም እንዳትዘናጋ።

ባለ ጓሮዋ፦ የተመታውን እንዳትነቅል! ግንዱን ሥሩ ጋ ጫር አድርገህ እይ፣ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ላዩ ቢሞት እንኳ ድንች ከአፈር ውስጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ሁለት ሳምንት ታገሠው። ለቀረው ዛሬውኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሳለ ውሃ ስደድለት። እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይይዛል። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገለባ ወይ ድርቆሽ ሳሳ አድርገህ አልብሰው፣ ጠዋት ሲሞቅ አንሣ። ላስቲክ ከሆነ ግን በእንጨት ደግፈው፣ ቅጠሉን ከነካው የነካው ቦታ ይቃጠላል። እኔ አምና ቃሪያዬን የጨረስኩት እንዲያ ነው።

ኩበት፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ አባቶቻችን ኩበት ያጨሱ ነበር። ዳር ዳሩን አጭስበት።

የደጋው፦ ጭሱ ራሱ ሙቀት አያግድም፣ የሚረዳው እሳቱ ነው። እሱም አንድ ትልቅ ከሆነ ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል። ካነደድክ በየቦታው ትንንሽ አድርገው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ። ብርዱ የሚከፋው ያኔ ነው።

ባለ ድንቹ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ማሳ ጠባቂው ልጅ እሳቱንም ይጠብቅልኝና ጎጆው ውስጥ ከሰል ላስገባለት ነው፣ ብርዱ አያስተኛውም።

ባለ ጓሮዋ፦ ኧረ በማርያም! ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት አይሆንም። መርዙ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይቀራል። ጋቢና ብርድ ልብስ ደርብለት፣ ከሥሩ ገለባ ወፈር አድርገህ አንጥፍለት። እሳቱ ውጪ ይሁን።

ባለ ድንቹ፦ ከሰሉን ትቼዋለሁ። ትናንት አጠጥቼ ግማሹን በገለባ አለበስኩ፣ ለሌላው ገለባ አልበቃኝም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ብወጣ ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል፣ አንድ ኮከብ የለም። ጠዋት ያልለበሰውም ደህና አደረ።

ባለ ገብሱ፦ ደመናውን የለመንከው አንተ ነህ እንዴ? እዚህ ማዶ ገብሴ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሸራ ስጎትት ነው ያደርኩት!