24 ስዊቾችን ከአንድ ቦታ ማስተዳደር፦ ቪቲፒ ወይስ አንሲብል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 6 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ 24 የሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች አሉ። ቪላን (አንዱን ኔትወርክ በስዊቾች ላይ ለያይቶ የሚከፍል ክፍል) በተጨመረ ቁጥር በየአንዳንዱ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) መግባት ግድ ነው። ቪቲፒ የተባለው የሲስኮ ፕሮቶኮል ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም። ቪቲፒ የቪላን ዝርዝሩን ያሰራጫል እንጂ ፖርት ለቪላን አይመድብም። ስሪት 1 እና 2 ደግሞ አደገኛ ናቸው፦ ያገለገለ ስዊች የቪቲፒ ዶሜን (የስዊቾቹ ቡድን) ስሙና የይለፍ ቃሉ ከገጠመ፣ የሪቪዥን ቁጥሩም (ዝርዝሩ በተለወጠ ቁጥር የሚጨምረው) ከበለጠ፣ በትራንክ (ብዙ ቪላኖችን በሚያሳልፍ የስዊቾች መገናኛ) እንደተሰካ የሁሉንም ዝርዝር በራሱ ይተካዋል። ክላየንት (ዝርዝሩን ከሌላ የሚቀበል) ቢሆንም ያው ነው። ከመሰካትዎ በፊት ወደ ትራንስፓረንት (የሌሎችን ዝርዝር ወደማይቀበል ሁነታ) ቀይረው ይመልሱት፤ ቁጥሩ 0 መሆኑን በ«ሾው ቪቲፒ ስታተስ» ይዩ።

መልስ 2፦ ሁሉንም ትራንስፓረንት አድርገው በአንሲብል (ብዙ ስዊቾችን ከአንድ ቦታ የሚያዋቅር ሶፍትዌር) ይሂዱ። ስዊቾቹን በየፎቁ ይመድቡ፤ «ሲሪያል» (በአንድ ጊዜ የሚሠራባቸው ስዊቾች ብዛት) 1 ይሁን፣ ስህተት ካለ አንዱ ላይ ይቆማል። ትልቁ ወጥመድ ትራንክ ላይ ነው፦ አዲሱ ቪላን 30 ከሆነ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 30» ይበሉ። «አድ» ከተረሳ የቀድሞው ዝርዝር ጠፍቶ 30 ብቻ ይቀራል፤ የማኔጅመንት ቪላኑም (ስዊቹ ከርቀት የሚተዳደርበት) አብሮ ይሄዳል፣ ስዊቹን ከርቀት አያገኙትም።

ጠያቂ፦ እንዲህ ቢቆረጥስ? እዚያው ድረስ ኮንሶል ገመድ (በቀጥታ ስዊቹ ላይ የሚሰካ) ይዞ መሄድ ነው?

መልስ 2፦ ከለውጡ በፊት የነበረውን ውቅር ያስቀምጡና «ሪሎድ ኢን 10» ይስጡ። ከተቆረጠ በ10 ደቂቃ ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከሠራ ማስነሣቱን ለመሰረዝ «ሪሎድ ካንሰል»፣ ከዚያ ለማስቀመጥ «ራይት ሜሞሪ»። ሳያጣሩ አያስቀምጡ፤ የተበላሸው ከተቀመጠ ዳግም ማስነሣቱ አያድንም።